ከላይፕዚግ ጠዋት ወጥቶ ማታ መግባት፦ ለተማሪ የሚሆኑ የቅዳሜ ጉዞዎች

ጥያቄ፦ «ላይፕዚግ ማስተርሴን ጀምሬያለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ትምህርት ነው፤ ቅዳሜና እሁድን ደግሞ ክፍሌ ውስጥ ተዘግቼ ነው የማሳልፈው። የክፍል ልጆች ፓሪስ ሄድን፣ ሮም ሄድን፣ ፕራግ ሄድን ይላሉ። እኔ የምኖረው ከዝግ ሒሳቤ በየወሩ በሚለቀቅልኝ ገንዘብ ነው፤ ሆቴል ማደር አልችልም። በአንድ ቀን ደርሼ የምመለስበት፣ ኪስ የማይጎዳ ቦታ ካለ ንገረኝ። ብቻዬን ብሄድስ ችግር አለው? ፕራግስ ይቻላል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ሥራዬ አዲስ የሚመጡ የውጭ ተማሪዎችን ማማከር ነው። ይህንን ጥያቄ ከብዙዎች እሰማዋለሁ፤ ብዙዎቹም የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ሩቁን ሲመኙ ቅርቡን ሳያዩ ትምህርታቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ። ስለዚህ ፓሪስንና ሮምን ለጊዜው ተያቸው። የቀን ጉዞ የሚያምረው መንገዱ ሲያጥር ነው። ከቤትሽ እስከ ቦታው ከሁለት ሰዓት በላይ ከወሰደ ቀኑን ባቡር ይበላዋል። አንድ ቀን፣ አንድ ከተማ፣ እሱም ውስጥ ተረጋግተሽ የምታዪው አንድ ነገር ይበቃል። ያለሽበት ከተማ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ከላይፕዚግ ዋና ባቡር ጣቢያ ተነስተሽ ሦስት የጀርመን ክፍለ ግዛቶች በቀላሉ ይዳረሱልሻል፤ ሳክሰኒ፣ ሳክሰኒ-አንሃልትና ቱሪንጊያ።

መጀመሪያ ትኬትሽን እዪ። ከዝግ ሒሳብሽ በወር የሚለቀቅልሽ 992 ዩሮ ከሆነ፣ ኪራይና የጤና መድን ተከፍሎ ምን እንደሚተርፍ አውቃለሁ። ግን ትራንስፖርቱን ምናልባት ከፍለሽ ጨርሰሻል። ዶይችላንድቲኬት የሚባለው ወርሃዊ ትኬት በ2023 በ49 ዩሮ ተጀመረ፣ በ2025 58 ገባ፣ በ2026 63 ዩሮ ሆነ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ለተማሪዎች የሚሰጠው ከዚሁ ዋጋ 60 በመቶ ነው፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከሴሚስተር ክፍያው ጋር አብሮ ይቆረጣል። ያንቺ ትኬት መላ አገሪቱን የሚሸፍነው ይሁን የላይፕዚግን አካባቢ ብቻ፣ ዩኒቨርሲቲሽን ጠይቀሽ አረጋግጪ። መላ አገሪቱን የሚሸፍን ከሆነ ከዚህ በታች የምጠራቸው የጀርመን ከተሞች ሁሉ ለባቡር ተጨማሪ አንድ ሳንቲም አያስወጡሽም።

ይህ ትኬት የሚሠራው በአካባቢ ባቡሮች ላይ ነው። ሰሌዳው ላይ አር-ኢ (RE)፣ አር-ቤ (RB) ወይም ኤስ (S) የሚል ፊደል ካለ ግቢ። ኢ-ሴ-ኤ (ICE) የሚባለው ነጩ ፈጣን ባቡር ወይም ኢ-ሴ (IC) ከሆነ ግን አትግቢ፤ ወደዚያው ከተማ ቢሄድም ትኬትሽ እዚያ ላይ አይቆጠርም። ያለ ትኬት የተገኘ ሰው ቢያንስ 60 ዩሮ ይቀጣል። የጀርመን ባቡር አፕ ላይ የአካባቢ ባቡሮችን ብቻ እንዲያሳይሽ ማስተካከል ትችያለሽ፤ አንዴ ካስተካከልሽው ይህ ስጋት ይቀርልሻል። ትኬት የሌላቸው ጓደኞች ካሉሽ ደግሞ የሳክሰኒ ትኬት የሚባለውን እስከ አምስት ሆናችሁ ግዙና ተካፈሉት። ለአንድ ቀን በሦስቱም ክፍለ ግዛቶች ያስኬዳል።

አሁን ወደ ቦታዎቹ። ከሌላ አገር የመጣ ተማሪ ቢጠይቀኝ ድሬስደንን ነበር የማስቀድመው። ላንቺ ግን የማስቀድመው ቪተንበርግንና ጎታን ነው። በሁለቱም ከተሞች የኛ ሰዎች ከመቶዎች ዓመታት በፊት ገብተው ወጥተዋል፤ ያውም ባቡር ባልነበረበት ዘመን።

ቪተንበርግ ኤስ-ባን በሚባለው የአካባቢ ባቡር (ኤስ የሚለው ፊደል ያለበት) ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት። አንድ ረጅም መንገድ ይዘሽ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ብትሄጂ ዋና ዋናውን ሁሉ ታያለሽ። ከጣቢያው ስትመጪ መጀመሪያ የምታገኚው የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ማርቲን ሉተር የኖረበትን ቤት ነው፤ ቀጥሎ የወዳጁን የሜላንክቶንን፣ መሐል ላይ ሉተር ይሰብክበት የነበረውን የከተማ ቤተ ክርስቲያን፣ መጨረሻ ላይ የቤተ መንግሥቱን ቤተ ክርስቲያን። በ1517 ሉተር የቤተ ክርስቲያንን አሠራር የተቃወመባቸውን 95ቱን አንቀጾች ለጠፈበት የሚባለው በር የዚህ የመጨረሻው ነው። የዛሬው በር የድሮው አይደለም። የእንጨቱ በር በ1760 በጦርነት ተቃጥሎ፣ በ1858 አንቀጾቹ በላቲን የተቀረጹበት የነሐስ በር ተተካ። ቀረብ ብለሽ ፊደሉን እዪው። ከዚያ ወደ ውስጥ ግቢ፤ የሉተር መቃብር ከመስበኪያው ሥር ነው፤ ብዙ ሰው ትልቅ ሐውልት እየፈለገ ያልፈዋል።

ከዚሁ ከተማ ጋር የኛ ታሪክ ይገናኛል። በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ሉተርን ለማግኘት ቪተንበርግ መጥቶ ነበር። ሁለቱ ስለ እምነትና ስለ ቅዳሴ ሥርዓት ተወያዩ፤ ሜላንክቶንም ነበረበት። ሉተር በውይይቱ መጨረሻ እምነታችን ይስማማል ብሎ፣ በጁላይ 4 ቀን 1534 ለዲያቆኑ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈለት። የመካነ ኢየሱስ ልጅም ብትሆኚ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምም ብትሆኚ፣ ይህንን አውቀሽ ያንን መንገድ ስትሄጂው ከተማዋ ሌላ ትሆንብሻለች። ግማሽ ቀን ይበቃታል፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሰሽ የቤት ሥራሽን መሥራት ትችያለሽ። ለመጀመሪያ ጉዞ የምመርጥልሽም ይህችኑ ነው።

ጎታ ራቅ ትላለች። ሁለት ሰዓት አካባቢ ትፈጃለች፤ አንዳንዱ ባቡር ቀጥታ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ኤርፉርት ላይ ያስቀይራል። ማንም የቱሪስት መጽሐፍ ለአንድ ሐበሻ ተማሪ ጎታን አስቀድሚ አይላትም። እኔ ግን እላለሁ፤ ምክንያቱን ትንሽ ልዘርዝርልሽ።

ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ሰው በ1624 ኤርፉርት ተወለደ። ግዕዝን በወጣትነቱ ከመጻሕፍት ለመማር ሞከረ። በ1649 ሮም ሲሄድ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው የኢትዮጵያውያን ቤት አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። አባ ጎርጎርዮስ የአማራ ሰው ናቸው፤ የመካነ ሥላሴ። አፄ ፋሲለደስ የካቶሊክ መነኮሳቱን ካባረሩ በኋላ ከአገር የወጡ ሊቅ ነበሩ። ሁለቱ መጀመሪያ ላይ ከግዕዝ ሌላ የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም። እስኪ አስቢው፤ አንዱ ግዕዝን ከወረቀት ላይ ብቻ የሚያውቅ ጀርመን፣ ሌላው ዳዊት ሲደግም ያደገ ኢትዮጵያዊ።

ሉዶልፍ በኋላ በጎታው መስፍን በኤርንስት ቤት ሥራ ያዘ። በ1652 መስፍኑ አባ ጎርጎርዮስን ጎታ ድረስ አስመጡ። ለጥቂት ወራት በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ተቀመጡ፤ ስለ አገራቸው፣ ስለ ንጉሡ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሲጠየቁ መለሱ፤ ሉዶልፍን ግዕዝም አማርኛም አስተማሩ። ከዚያ ሥራ ነው በ1681 የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ በዓለም የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ ሰዋስው የወጣው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህንን አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሜዲትራኒያን ላይ ሰጥማ ሞቱ።

ፍሪደንሽታይን ዛሬም ኮረብታው ላይ ቆሟል። ከባቡር ጣቢያው በመናፈሻው በኩል በእግርሽ ትደርሻለሽ። ግዙፍ ነው፤ ሦስት ክንፍና አንድ ሰፊ ግቢ። የተጀመረው በ1643 ነው፤ አባ ጎርጎርዮስ ሲመጡ ገና ግንበኛ ያልወጣበት ነበር። ጀርመንን ያደቀቀው የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ካበቃም አራት ዓመቱ ነው። ወደ ውስጥ ከመግባትሽ በፊት በሰሜኑ በር አናት ላይ ያለውን ቅርጽ ቀና ብለሽ እዪው። ሁለት ሴቶች ተቃቅፈው ይሳሳማሉ፤ መዝሙረ ዳዊት ላይ ያሉት ጽድቅና ሰላም ናቸው። ከሥራቸው ሰላም ይመግባል፣ ጠብ ያጠፋል የሚል ጽሑፍ አለ። ውስጥ ሙዚየምና ጥንታዊ የእንጨት ማሽኖቹ እስካሁን ያሉ ቲያትር አለ፤ የኤርፉርት ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቤተ መጻሕፍትም እዚያው ነው። የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ ከመሄድሽ በፊት ድረ ገጹን እዪ፤ ትልቅ አሮጌ ሕንፃ ስለሆነ እድሳት አያጣውም። ለሙዚየም መግቢያ ሁልጊዜ የተማሪ ካርድሽን አሳዪ፤ ቅናሽ አለ።

ስትመለሺ ኤርፉርት ላይ ባቡር የምትቀይሪ ከሆነ አንድ ሰዓት ወስደሽ የነጋዴዎችን ድልድይ ተሻገሪ። ከላዩ ግራና ቀኝ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች የተሠሩበት ድልድይ ነው። ከመሐሉ ቆመሽ ወንዙ አይታይሽም።

ቀኑ ሲረዝም፣ ማለትም ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር፣ ከሁለት ሰዓት በላይ አትሂጂ ያልኩሽን ሕግ ለአንድ ቦታ እጥሰዋለሁ፤ ባስታይ ለሚባለው ከወንዙ በላይ ላለ የዓለት መመልከቻ። ወደ ድሬስደን አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ከዚያ በኤስ-ባን ኤልበ ወንዝን ተከትሎ ራተን የምትባል መንደር። በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ለመሄድ፣ ያንኑ ያህል ለመመለስ። ስለዚህ ማልደሽ ውጪ፤ የዚያን ቀን ድሬስደንን አትንኪያት፣ ለሌላ ቅዳሜ ትቆይሽ። ራተን ስትወርጂ ወንዙን የምትሻገሪው በጀልባ ነው። ጀልባዋን ልብ ብለሽ እያት። ሞተር አታስነሳም። ወንዙ ውስጥ በተዘረጋ ረጅም ገመድ ታስራለች፤ ነጂው ወደ ጎን ሲያዘነብላት ውሃው ራሱ ገፍቶ ያሻግራታል። ጥቂት የዩሮ ሳንቲሞች በእጅሽ ያዢ፤ ገጠር ውስጥ ካርድ የማይቀበል ሰው አሁንም አለ።

ከዚያ ደረጃውን መውጣት ነው፤ ግማሽ ሰዓት ወይ ትንሽ ይበልጣል። ላዩ ላይ የአሸዋ ድንጋይ ዓለቶች ሽቅብ ተነስተው፣ በመሐላቸው በ1851 የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ታገኛለሽ። ወንዙ ከመመልከቻው 194 ሜትር ሥር ነው። ድልድዩን መሻገር አይከፈልበትም። ጫማሽ የሚንሸራተት እንዳይሆን። ሲዘንብ ደግሞ ባትሄጂ ይሻላል፤ ደረጃው ያዳልጣል፣ ጭጋግ ከወረደም የምታዪው ነገር የለም።

ክረምት ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ዲሴምበር ላይ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ያኔ ቅርብና ቤት ውስጥ የሚታይ ነገር ምረጪ። ናውምቡርግ ከአንድ ሰዓት በታች ናት፤ ካቴድራሏ ውስጥ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጹ የ12 ለጋሾች ሐውልቶች አሉ። ከእነሱ ኡታ የምትባለው፣ ካባዋን እስከ ጉንጯ ከፍ አድርጋ የያዘችው፣ በጀርመን ከታወቁ ሐውልቶች አንዷ ናት። ኬምኒትዝ አንድ ሰዓት ነው። ከ1953 እስከ 1990 ካርል ማርክስ ከተማ ትባል ነበር። መሐሏ ላይ ከሰባት ሜትር የሚበልጥ የማርክስ የነሐስ ጭንቅላት ቆሟል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለው የማርክስ ሐውልትም በ1984 ከዚያው ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ ነው፤ ሁለቱን ማወዳደር ደስ ይላል። ከዚያ ውጪ ኬምኒትዝን ለሁለተኛው ዓመት ብታቆዪያት ምንም አይቀርብሽም።

ቫይማርን ለብቻዋ ልንገርሽ። ከተማዋ የጀርመን ደራሲዎቹ የጎተና የሺለር ከተማ ናት፤ ታምራለች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ግን ናዚዎች ያቋቋሙት የቡኸንቫልድ ማጎሪያ ካምፕ አለ። ከጣቢያው አውቶቡስ ይወስድሻል፤ መግቢያው ነጻ ነው። ወደ 280,000 ሰው ታስሮበታል፤ 56,000 የሚሆኑት ሞተዋል። በሩ ላይ ያለው ሰዓት መርፌዎቹ 3፡15 ላይ ቆመዋል፤ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣ በአፕሪል 11 ቀን 1945 እስረኞቹ ነጻ የወጡበት ሰዓት። ከከተማው ጋር በአንድ ቀን አትደርቢው። ጠዋት ቡኸንቫልድ የዋለ ሰው ከሰዓት በኋላ የጎተን ቤት እያየ የሚገባው ነገር የለም። ለብቻው ሂጂ፤ የሚያናግርሽ አንድ ሰው አብሮሽ ቢኖርም እመርጣለሁ። ኮረብታው ላይ ነፋሱ ብርቱ ነው፤ ወፍራም ልብስ ያዢ።

ስለ ዝግጅት ትንሽ ልበል። የጀርመን ሐዲድ ጥገና የሚበዛው ቅዳሜና እሁድ ነው። ዋዜማውን ማታ፣ እንደገናም ጠዋት ከቤት ከመውጣትሽ በፊት አፑን እዪ። ባቡሩ ተሰርዞ ምትክ አውቶቡስ ተብሎ ከተጻፈ መንገዱ ይረዝማል፤ ያን ቀን ሌላ አቅጣጫ ብትመርጪ ይሻላል። መመለሻውን ሁልጊዜ ከመጨረሻው ባቡር በፊት ያለውን ያዢ። የመጨረሻው ቢሰረዝ የምታድሪበት የለሽም። ሌላም አለ፤ አንዳንድ ባቡር መንገድ ላይ ለሁለት ተከፍሎ የፊተኛው ፉርጎ ወደ አንድ ከተማ፣ የኋለኛው ወደ ሌላ ይሄዳል። ከመቀመጥሽ በፊት ፉርጎው ላይ የተጻፈውን መድረሻ አንብቢ።

ስንቅሽን ከቤት ያዢ። እሁድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ክፍት የምታገኚው ትላልቅ ባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ያሉትን ነው። ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ ቆሎ ካለሽ ቆሎ። ጾም ከሆነ ቪጋን የሚል ምልክት ፈልጊ፤ በየዳቦ ቤቱ አንድ ነገር አይጠፋም። ውሃውን ከቧንቧ ቅጂ፣ ንጹሕ ነው። ጣቢያ ላይ መጸዳጃ ቤት ብዙውን ጊዜ አንድ ዩሮ ያስከፍላል፤ ባቡሩ ውስጥ ያለው ነጻ ነው። እንዲህ ካደረግሽ ቀኑን ሙሉ ውለሽ የምታወጪው የሙዚየም መግቢያና አንድ ቡና ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምትሄጂ ከሆነ ቅዳሜን ለጉዞ አድርጊ፤ እሁድ ማታ ለሰኞው ትምህርት ዕረፍት ይተርፍሻል።

ብቻዬን ብሄድስ ላልሽው፣ በቀን ብርሃን እነዚህ ከተሞች ብቻዋን ለምትሄድ ሴት የሚመቹ ናቸው። ግን ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ለጥቁር ሰው የሚከብድ ጊዜ የለም ብዬ አልዋሽሽም። ክፉ የሚያይ፣ ክፉ የሚናገርም አለ። ስለዚህ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ቅዳሜ የእግር ኳስ ጨዋታ ካለ፣ ደጋፊ ጠጥቶ የሚጮህበት ባቡር ላይ አትግቢ፤ ቀጣዩን ጠብቂ። ሲመሽ ባዶ ፉርጎ ውስጥ አትቀመጪ፤ ቤተሰብ ወይም ተቆጣጣሪው ያለበትን ፈልጊ። ስልክሽ ቻርጅ ይኑረው፣ ቤት ላለ ጓደኛ የት እንዳለሽ ላኪ። አንድ ሰው ካስፈራራሽ መልስ አትስጪ፤ ተነስተሽ ወደ ሌላ ፉርጎ ሂጂና 110 ደውዪ፣ ፖሊስ ነው። ይህንን የምልሽ ቤት እንድትቀሪ አይደለም። መጀመሪያዎቹን ጉዞዎች ከሰው ጋር አድርጊያቸው። ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ የምትማሪ ከሆነ የውጭ ተማሪዎችን የሚቀበል ቪልማ የሚባል የተማሪዎች ስብስብ አለ፤ ብቸኛ እንደሆንሽ የሚሰማሽ ከሆነ እዚያ ጀምሪ። የሚመጡት እንዳንቺው ሰው የማያውቁ ናቸው።

ፕራግን በተመለከተ፣ ወረቀትሽ ይፈቅዳል። የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ካርድና የሚሠራ ፓስፖርት ካለሽ በሌሎች የሼንገን አገሮች (በጋራ የቪዛ ስምምነት የተሳሰሩ የአውሮፓ አገሮች) በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ትችያለሽ፤ ቼክም ፖላንድም ሼንገን ናቸው። ግን ሁለቱን ሰነዶች ይዘሽ ሂጂ፤ የፎቶ ኮፒና የስልክ ፎቶ አይበቃም። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ቁጥጥር መልሳለች፤ ፖሊስ ባቡርና አውቶቡስ ላይ ወጥቶ ይጠይቃል። ካርድሽ ገና ካልደረሰሽ፣ ወይም ጊዜው አልፎ በእጅሽ ያለው ጊዜያዊ ወረቀት ብቻ ከሆነ፣ የውጭ ዜጎች ቢሮን በጽሑፍ ጠይቀሽ መልስ ሳታገኚ ድንበር አትሻገሪ። እስከዚያው ቪተንበርግን ጀምሪያት፤ ለእሷ የተማሪ ካርድሽ፣ መታወቂያሽና ትኬትሽ ይበቃሉ።